ሞክሼዬ ያልነበረው ሰው

ባለፈው ሳምንት፣ ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የስፌት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የአንድ ወጣት ሱሪ ሳሳጥር፣ አንዲት ሴት ማረፏን ሰማሁ። የሱሪው ባለቤት ከጊዳን የወረደ ልጅ ነው። እኔ ደግሞ የጊዳን ሰው ካገኘሁ የማላልፋት አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ፤ ስለ ገብሱ እጠይቃለሁ፣ ስለ ብርዱ እጠይቃለሁ፣ በመጨረሻ ነገሬ ያልሆነ መስዬ «ከሙጃ ማዶ፣ ጽዶቹ ካሉበት ቤተ ክርስቲያን ሥር አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ልጃቸው ቆላ ወርዶ የቀረባቸው። አሉ?» እላለሁ። አርባ ዓመት ከምናምን «አሉ» እየተባልኩ ኖርኩ። ይሄ ልጅ ግን «አይ፣ እሳቸውማ አረፉ። ጥር ላይ ቀበርናቸው» አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ሱሪውን አበላሸሁት። አንዱን እግር ከሌላው በሁለት ጣት አሳጥሬ ሰፍቼው ኖሯል። ልጁ ለብሶት ሲቆም «አባባ፣ ምን ነካዎት?» ቢለኝ ዓይኔ ነው ብዬ ዋሸሁትና ፈትቼ እንደገና ሰፋሁለት። ሴትዮዋን በሕይወቴ ያየኋት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ከጧት እስከ ቀትር። ነገር ግን ከእናቴ ቀጥሎ የእሷን ያህል ያሰብኳት ሴት የለችም። ሚስቴ ይህን ብታነብ ትቆጣ ይሆናል። እንግዲህ ትቆጣ፤ እኔም ባረጀሁበት አልዋሽም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ማሳችን ከቆቦ ወደ ጎብዬ ሲሄዱ ከአስፋልቱ በስተምሥራቅ፣ ከዞብል ተራራ ፊት ለፊት የተዘረጋው ሜዳ ላይ ነው። በዚያን ዓመት ክረምት ከደጋ የሚወርደው ጎርፍ ለጉድ መጣ። አባቴና ጎረቤቶቹ እየጠለፉ ከማሳ ማሳ አዳረሱት፤ ማሽላው ሰው ውስጡ ገብቶ የማይታይ ሆነ። ኅዳር ሲገባ ዛላው ከብዶት አንገቱን ደፋ። እኛ ልጆቹ ጥንቅሹን ስናኝክ ከንፈራችን ይቆስል ነበር፤ እሸቱን በፍም እየጠበስን፣ በመዳፋችን እያሸን፣ ገለባውን እፍ እያልን ስንበላ ደግሞ ምሳ የሚባለውን ነገር እንረሳዋለን። እስከ ዛሬ የተጠበሰ እሸት ሲሸተኝ በመጀመሪያ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ያ ዓመት ትዝ ይለኛል። ውኃ በበዛበት ዓመት ትንኙም ይበዛላ። ንዳዱ ያን ጊዜ ነው ሰውን እንደ ማሽላው የሚያጭደው።

ፈንታው የመጣው ለአጨዳ ነው። አራት ሆነው ከጊዳን ወረዱና አባቴ ሥራ ሰጣቸው። ፈንታው ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ከእሱ በፊት የተወለዱት ሁሉ ስለሞቱ እናቱ በእነሱ ፈንታ የተሰጠኝ ነው ብላ ይህን ስም እንዳወጣችለት ነግሮናል። አባትም የለው፤ እሷው ናት ያሳደገችው። ከሥራ በኋላ ጀምበር ስታዘቀዝቅ አስፋልቱ ዳር ይቀመጥና የሚያልፉትን የጭነት መኪኖች ይቆጥራል። አንድ ቀን አንደኛው ላይ ተሳፍሬ አሰብ እገባለሁ ይላል። ይህን ለጓደኞቹም ይላል፣ ለእኛም ይላል፣ ለበሬውም ሳይነግረው አይቀርም። እኔ እሥቅበት ነበር። የቆቦ ልጅ ነኝ፤ መኪና የለመድኩ፤ ደገኛ መኪና ሲያይ አፉን ሲከፍት ማየት ያኮራኝ ነበር። አይ ልጅነት።

ወባው በየቤቱ ሰው መጣል ሲጀምር ሦስቱ ጓደኞቹ ፈርተው ወደ ደጋቸው ተመለሱ። ፈንታው አጨዳው ሳያልቅ አልሄድም ብሎ ቀረ። ሳምንትም አልሞላው፣ ያዘው። ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ሁለት ጋቢ ተደርቦለት «በረደኝ» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ሁሉን ገፍፎ ይጥላል። ኪኒን ተገዝቶለት ነበር፤ ቢውጠውም ይመልሰዋል። እናቴ አጥሚት በማንኪያ ስታጎርሰው «እናቴ ይህን ብታይ ትቀናለች» ይላት ነበር።

በዚህ መሐል ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። እኔ ለዚያ ቀን ወር ሙሉ ነው የተዘጋጀሁት። ታቦቱ ይወጣል፣ የቆላው ጎረምሳ ሁሉ ይጨፍራል፣ ደግሞ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስሟን አልነግራችሁም፣ አሁን የልጅ ልጅ አይታለች። ጧት ጠጉሬን ቅቤ ተቀብቼ ልወጣ ስል አባቴ ጠራኝና ሁላችንም ሄደን ሕመምተኛውን ብቻውን አንጥለውም፣ አንተ እሱ ዘንድ ሁን አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነበር ብዬ አሁን በሰላም እጽፈዋለሁ እንጂ ያን ቀን ዓለም የተደፋብኝ መስሎኝ ነበር። ከመደቡ ማዶ በሩ ሥር ተቀመጥኩና ጀርባዬን ሰጠሁት። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ አልነበረም፤ ከበሮው እየቀረበ ሲሄድ ሰዉ የት እንደደረሰ በጆሮዬ እከተላለሁ። አሁን ከበሩ ወጡ፣ አሁን ሾላው ጋ ደረሱ እያልኩ።

ፈንታው ጠራኝ። ሁለት ጊዜ ከጠራኝ በኋላ ዞር አልኩ።

«የክርስትና ስሜን ልንገርህ» አለኝ። «ያዝልኝ። እዚህ የሚያውቀኝ የለም።»

አትሞትም ባክህ፣ የደጋ ሰው ትንሽ ሲያተኩሰው ይናዘዛል ብዬ ቀለድኩበት። እሱ ግን አልሣቀም። ስሙን ነገረኝ። በዚያችው ቅጽበት እልልታው ቀለጠ፤ ታቦቱ ሾላው ሥር ቆሟል ማለት ነው፤ ጭፈራው እዚያ ነው የሚጀመረው። ከተናገረው ውስጥ ጆሮዬ ጥልቅ ያለችው አንዲት «ረ» ናት።

«በል ድገመው» አለኝ።

«ሰምቻለሁ አልኩህ እኮ» አልኩት።

አለማለት ይቻል ነበር። መልሼ ልጠይቀው እችል ነበር፤ ያን ቀንም፣ በማግስቱም አፉ አልተያዘም። ሰምቻለሁ ካልኩ በኋላ ግን አልሰማሁም ማለት እንዴት እንደሚከብድ አስቡት። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሰው ከምንም ነገር በላይ የሚፈራው ትንሽ መባልን ነው። አባቴ ማታ ሲመለስ ምን አለህ ብሎ ሲጠይቀኝ የክርስትና ስሙን ነግሮኛል አልኩት፤ አደራ የተቀበለ ትልቅ ሰው ለመምሰል።

ኅዳር አሥራ አራት ጧት አረፈ። እናቴ ገንፎ ልታቀምሰው ቀና ብታደርገው አንገቱ እጇ ላይ ዘለስ አለ። አባቴ ለራሱ ለክፉ ቀን ያስቀመጣትን አዲስ ኩታ አውጥቶ ገነዘው። ጎረቤት ክርስቲያኑም እስላሙም ወጣ፤ መቃብሩን የቆፈሩት እነዚያ ማሽላ አብረውት ያጨዱ ጎረምሶች ናቸው። ዘመድ ስለሌለው የሚያለቅስለት ጠፍቶ እናቴ ብቻዋን «ወይ የእናትህ ሆድ፣ ወይ የእናትህ ሆድ» እያለች ታለቅስ ነበር።

ቄስ አዳነ የደብራችን ካህን ነበሩ፤ እንደማንኛችንም ያርሳሉ፣ እጃቸው ተሰነጣጥቋል፣ ድምፃቸው ግን ጣፋጭ ነው። ከፍትሐቱ በፊት ቀና ብለው የክርስትና ስሙ ማነው አሉ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አባቴ ደረቱን ነፋ አድርጎ «ልጄ ያውቃል። ሲያስታምመው የነበረው እሱ ነው፤ ለእሱ ነው የነገረው» አለ። ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። ፀሐዩ አናቴን ይመታኛል። አባቴ እንደዚያ ኮርቶብኝ አያውቅም፤ በፊትም በኋላም።

«ገብረ…» አልኩ፤ ያቺን «ረ» ይዤ። ገብረ የማይሆን ሰው የለም ብዬ።

«ገብረ ማን?» አሉ ቄስ አዳነ።

«ገብረ መድኅን።»

ከአፌ የወጣው የራሴ ነው። ሌላ ስም በጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም፤ እንዲያው ምላሴ የለመደውን አወጣው። የክርስትና ስሜን ከቤተሰቤና ከቄስ አዳነ በቀር የሚያውቀው የለም፤ እሳቸው ለአፍታ አዩኝ። አባቴ ግን ፊቱ በኀዘን ተለወጠና ትከሻዬን ያዘኝ። «ሞክሼህ ነበር ለካ» አለኝ።

ፍትሐቱ ተጀመረ። ቄስ አዳነ በዚያ በሚጣፍጥ ድምፃቸው «ነፍሰ ገብርከ ገብረ መድኅን» እያሉ ደጋገሙት። የራሴን ፍትሐት ቆሜ ሰማሁ። ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ደግሞ ስም የለውም፤ አደራ ብሎ በእጄ ያስቀመጣትን አንዲት ነገር ጥዬበት፣ ባዶውን ሄደ። በዚያን ጊዜ ጮኼ «ዋሽቻለሁ» ብል ምን እሆን ነበር? ምንም። ቢበዛ አባቴ በጥፊ ይለኝ ነበር።

ውሸት አንዴ ከተተከለ ውኃ የሚያጠጣው አያጣም። እናቴ ሞክሼው ተቀበረ ብላ ጠበል ወስዳ አስጠመቀችኝ፤ አዲስ ማተብ አሰረችልኝ። አርባው ሲደርስ አባቴ ሞክሼህ ነውና ዝክሩን አንተ አቅርብ ብሎ ዳቦውን አሸከመኝ። ጎረቤት ሳይቀር መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ያ ሞክሼህ፣ ነፍሱን ይማረው» ይለኛል። ሞክሼ የምትባለው ቃል የምትወደድ ቃል ናት፤ ሰዎች ሞክሼ ሲገናኙ ይሳሳቃሉ፣ ይጋበዛሉ። እኔ ግን በሰማኋት ቁጥር አንገቴን የምታስደፋኝ ሆነች።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሴ ማስቀደስ አቃተኝ። የሙታን ስም ሲነሣ «ገብረ መድኅን» እንዳልሰማ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ሰዉ ሲወጣ እቀላቀላለሁ። ጾሙን ግን አጥብቄ ጾምኩ፤ እንደ ጉቦ። ብቻዬን ስሆን ደግሞ ስሞች እደረድራለሁ። ገብረ ሚካኤልን፣ ገብረ ማርያምን፣ ገብረ ሥላሴን፣ ገብረ ጊዮርጊስን ማርልኝ እላለሁ፤ ከመካከላቸው አንዱ እሱ ይሆናል እያልኩ። ዒላማውን ሳያይ ድንጋይ የሚወረውር ሰው እንዲህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ወባው እኔን ያዘኝ። አሁን ሳስበው ያሥቀኛል፤ ያን ጊዜ የፈራሁት መሞቱን አልነበረም። ከሞትኩ በኋላ ከሰማይ ደጃፍ ላይ ቆሜ ገብረ መድኅን ነኝ ስል «ገብረ መድኅን እኮ ቀድሞ ገብቷል፤ አንተ ማነህ?» እባላለሁ ብዬ ነው የፈራሁት። ትኩሳቱ ሲለቀኝ እግሬ ገና እየተብረከረከ ቄስ አዳነ ቤት ሄድኩ። በሬ ነድተው ሊወጡ ሲሉ ነው የደረስኩት። ገና «ይፍቱኝ አባ» ስል አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከበሮውን፣ «ረ»ዋን፣ የአባቴን ኩራት።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ሲቆጡ ጢማቸውን ይጎትታሉ። ጢማቸውን አልነኩም። ሞፈሩን ከትከሻቸው አውርደው ደንጊያ ላይ ተቀመጡ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የማንን ነፍስ ስጠራ ነበር?» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ስግደት ብሰጥህ ትሰግዳለህ፤ ጾም ብሰጥህ ትጾማለህ። እሱን ለምደኸዋል። አደራ ነው የበላኸው፣ ልጄ። ያንን ስም በመጀመሪያ የሰማች እናቱ ናት። ሄደህ እሷን ጠይቅ። ቀኖናህ ይኸው ነው። በላዩ ላይ ደግሞ ሌላ ውሸት እንዳትጨምርበት።»

መርዶውን እኮ ሰምታለች፣ አባቴ በጊዳን ነጋዴ ልኮባታል አልኳቸው። «ከሰማች ይቀልልሃል» አሉ። እኔም በዚያ ተጽናናሁ።

ጥር ላይ ወጣሁ። በሶና ቆሎ ይዤ፣ ዱላ ይዤ፣ በእግሬ። ዳገቱን በተያያዝኩ ቁጥር የቆላው ሙቀት ከጀርባዬ እየወረደ ሄደ፤ የማውቀው ዛፍ ሁሉ እያለቀ ሄዶ በመጨረሻ ሣርና ድንጋይ ብቻ ቀረ። ዞር ብዬ ወደ ታች ሳይ የራያ ሜዳ ከነማሽላ አገዳው ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል። ፈንታው ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ተኩል ወርዶ እኛ ዘንድ ሲደርስ እኔ የሣቅሁበት ደገኛ ነበር። መንገድ ላይ እግዜር ያሳደረኝ ቤት አደርኩና በማግስቱ ጧት፣ ጽዶቹን እየጠየቅሁ፣ ደረስኩ።

ሴትዮዋ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቀች የበግ ጠጉር ትፈትላለች። አርባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጥቁር ልብስ አልለበሰችም። ከወዴት ነህ ልጄ አለችኝ። ከቆቦ ስላት እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ።

«ፈንታው ልኮህ ነው?»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ምን ልበል? አይደለም ማለት አቃተኝ፣ አዎን ማለትም አቃተኝ። ዝምታዬን እንደ እንግዳ እፍረት ቆጠረችልኝ። አስገብታ አስቀመጠችኝ። ውኃ አሙቃ፣ አይሆንም ብላት እምቢ ብላ፣ ከእግሬ አቧራውን ጣት በጣት አጠበችልኝ። የገብስ እንጀራ በአይብ አቀረበችልኝ። እየበላሁ እሷ ታወራለች። እነዚያ ሦስቱ ጓደኞቹ ሲመለሱ አሰብ ሊሄድ ነው አሏት፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። አባቴ የላከበት ነጋዴ መርዶውን በሆዱ ይዞት ቀርቷል ማለት ነው፤ የእናት መርዶ ማን ደፍሮ ይናገራል። አሰብ ሙቀቱ እንዴት ነው ትለኛለች። ባሕሩ ዳር እንቅልፍ ይወስዳል ወይ ትለኛለች። ከስቷል ወፍሯል? እኔ እንጀራዋን እበላለሁ። በሕይወቴ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ የዚያን ቀን እንጀራ ያህል የሚያሳፍረኝ ግን የለም።

በመጨረሻ እጄን ከመሶቡ ሰበሰብኩ።

«የክርስትና ስሙ ማን ነበር?» አልኳት።

«ፍቅረ ማርያም» አለች ወዲያው፤ ፊቷ በርቶ። የተወለደው በማርያም ዕለት ነው፣ ከሦስት ልጅ በኋላ፣ ስለት ገብቼ ነው የተሰጠኝ አለችኝ።

ገብረ እንኳ አልነበረም። ሁለት ዓመት ገብረ፣ ገብረ እያልኩ የወረወርኩት ሁሉ አንዱም አልደረሰውም። ይህን እያሰብኩ ቀና ስል እጇ ቆሟል። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ለምን ጠየቅኸኝ ይል ነበር። እሷ እንዲያ አላለችም።

«ለጸሎት ነው ለፍታት?» አለችኝ።

አንገቴን ደፋሁ። መልሱ እሱ ነበር። ግድግዳውን በሁለት እጇ ይዛ ተነሣች፣ ወደ ደጅ ወጣች፣ ከዚያ የሰማሁትን ጩኸት አልጽፈውም። አገሩ ተሰበሰበ። እኔ በቤቷ ውስጥ፣ እሷ ያጠበችውን እግሬን እያየሁ ተቀመጥኩ።

ቀትር ሲሆን፣ ለቅሶው ጥቂት በረድ ሲል፣ ቄስ አዳነ ያሉኝን አሰብኩና በሰዉ ሁሉ ፊት ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምቻለሁ ማለቴን፣ በእኔ ስም መፈታቱን። እንዲናገሩኝ፣ እንዲመቱኝም ተመኝቼ ነበር። የነካኝ የለም። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሰማችኝና «ሁለት ዓመት በሰው ስም ተኛ ልጄ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ «ስሙን ወስደህ ሂድ። አንተን ግን ሁለተኛ ዓይኔ እንዳያይህ» አለችኝ።

ወረድኩ። ቄስ አዳነ ያቺን መቃብር በፍቅረ ማርያም ስም እንደገና ፈቱ፤ አባቴና እናቴ ቆመው ሰሙ። አባቴ ሞክሼ የምትለዋን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን አላነሣትም፤ እኔንም እስከ ፋሲካ በሙሉ ዓይኑ አላየኝም። በፋሲካ ቆረብኩ። ቄስ አዳነን እሷስ ይቅር ትለኝ ይሆን ብዬ ብጠይቃቸው፣ እግዚአብሔር ይቅር ብሎሃል፣ የእሷን ግን እኔ ልፈታልህ አልችልም፣ እሱን ተሸክመህ ኑር አሉኝ። እሳቸው እንደሆኑ ማባበል አያውቁም።

ሰው እምነት ሲባል ዕረፍት ይመስለዋል። እኔ ዕረፍት አላገኘሁበትም፤ ያገኘሁት ተነሥና ሂድ የሚል ነው። የት እንደምሄድ ባላውቅም ቢያንስ ወዴት መዞር እንዳለብኝ አላጣሁም። ያ ሰው ባይሞት ኖሮ በየሰንበቱ ከማጨብጨብ ያለፈ ጸሎት የማውቅ አይመስለኝም፤ ይህን ስናገር ደግሞ በእሱ ሞት የተጠቀምኩ እየመሰለኝ እሳቀቃለሁ። በየጧቱ ከፍቅረ ማርያም እጀምራለሁ፤ ከዚያ ነው ወደ ልጆቼ የምመጣው። አንድ ዓመት በእጄ የጠለፍኩትን ነጠላ በደንበኛ ላክሁላት፤ በወሩ እንደታጠፈ ተመለሰልኝ፣ ምንም አልተባለበትም። ሁለት ጊዜ ደግሞ ሙጃ ድረስ ሄጄ፣ ጽዶቹን ከሩቅ አይቼ ተመልሻለሁ። እንዳላይህ ብላኛለችና።

አሁን ሞተች። የሱሪው ልጅ በነገረኝ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ በቅዳሴ ላይ ትታሰብልኝ ብዬ። ቄስ አዳነ ካረፉ ቆይተዋል፤ ያሉት ካህን የልጅ ልጄ የሚሆኑ ናቸው። ከፊቴ ተሰልፈው የነበሩት የሙታኖቻቸውን ስም እየተናገሩ አለፉ፤ ተራዬ ደረሰ።

«የክርስትና ስማቸው ማነው፣ አባቴ?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ፣ እግሬን ታጥቤ፣ እንጀራዋን በልቼ፣ ልጇን ከእጇ ነጥቄ፣ የእሷን ስም መጠየቅ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። የዓለም ስሟንም አላውቅ። አርባ ዓመት «አሉ?» እያልኩ ስጠይቅ ማን ይባላሉ ብዬ አልጠየቅሁም። ወለተ ማርያም ልል ነበር፤ የአገሩ ሴት ግማሹ ወለተ ማርያም ነው፤ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ከኋላዬ ሰው ይጠብቃል።

«አላውቅም» አልኳቸው። «የፍቅረ ማርያም እናት ናት።»

ወጣቱ ካህን ቅንድባቸውን እንኳ አላነሡም። «እንዲህ ያለው ብዙ ነው። ጌታ ሆይ፣ ስሟን አንተ የምታውቅ ብለን እንጠራታለን» አሉኝና ወደ ቀጣዩ ሰው ዞሩ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል፣ አለቀስኩ። ለፈንታውም ያን ቀን ይህቺው «አላውቅም» ትበቃው ነበር።